ዋስ የሌለው ቃል፦ በማሽን ትርጉም የሚነጋገሩ ወጣቶችና የመግባባት ጥያቄ

ሁለት ሰዎች አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ ሳያውቁ፣ በመካከላቸው በገባ መሣሪያ አማካይነት ሲነጋገሩ፣ ተግባቡ ሊባል የሚችለው ምን ሲሟላ ነው? ጥያቄው ለብዙ ዘመን የነገሥታትን መልእክተኞች፣ የሩቅ አገር ነጋዴዎችንና የሃይማኖት መምህራንን ብቻ የሚመለከት ይመስል ነበር፤ ዛሬ ግን ስልክ በእጁ የያዘ ወጣት ሁሉ በየዕለቱ የሚያልፍበት ጉዳይ ሆኗል። በዋሽንግተን ዙሪያ ተወልዳ አማርኛን ከመስማት አልፋ ለመናገር ያልበቃች ልጅ ጎንደር ላሉት አያቷ የምትጽፈው፣ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ ሄዳ በሰው ቤት የምትሠራ ወጣት ከአሠሪዋ ጋር የምትነጋገረው፣ በአንድ የአውሮፓ ከተማ ጥገኝነት የጠየቀ ልጅ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር የሚጫወተው በዚሁ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ቃሉን ከዚህ ወደዚያ ማሻገሩ አያጠራጥርም። ሰዎቹን ማገናኘቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይህንንም የመሣሪያው ሠሪዎች ብቻቸውን ሊመልሱት አይችሉም፤ ፍልስፍናና ሃይማኖት ከጥንት ጀምሮ ሲመላለሱበት የኖሩት ጥያቄ ነውና።

የማሽን ትርጉም፣ ማለትም የሰው አስተርጓሚ ሳይገባበት ኮምፒዩተር ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚያደርገው ትርጉም፣ ሐሳቡ ትናንት የተጠነሰሰ አይደለም። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ዋረን ዊቨር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሰራጨው ማስታወሻ፣ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈን ጽሑፍ በምስጢር ምልክት እንደተሰወረ መልእክት ቆጥሮ መፍታት ሊቻል እንደሚችል ጠቆመ፤ በዚያው ማስታወሻም የሰው ልጆችን በየራሳቸው ረጃጅም ግንብ ላይ ሆነው ከሩቅ እንደሚጯጯሁ፣ ከግንቦቹ ሁሉ ሥር ግን አንድ የጋራ ሰፊ ምድር ቤት እንዳላቸው አድርጎ ገለጻቸው። በ1954 የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲና የአይቢኤም ባለሙያዎች ጥቂት የሩሲያኛ ዓረፍተ ነገሮችን በኮምፒዩተር ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ባሳዩ ጊዜ ተስፋው ናረ፤ በ1966 በአሜሪካ የወጣ የጥናት ቡድን ዘገባ ደግሞ ያንኑ ተስፋ አቀዘቀዘው። መሣሪያው አሁን ያለውን አቅም ያገኘው፣ በሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን የተጻፉ እጅግ ብዙ ጽሑፎችን እያነጻጸረ ራሱ እንዲማር በተደረገ ጊዜ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ «የነርቭ መረብ» የሚባለው የስሌት ዘዴ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። በዚህ ዘዴ ቃላትና ዓረፍተ ነገሮች ወደ ረጃጅም የቁጥር ድርድር ይለወጣሉ፤ ቋንቋቸው የተለያየ፣ ሐሳባቸው የተቀራረበ ዓረፍተ ነገሮችም በቁጥሩ ዓለም ጎረቤት ይሆናሉ። አማርኛ በ2016፣ ትግርኛና አፋን ኦሮሞ በ2022 የጉግል የትርጉም አገልግሎት ውስጥ ገብተዋል፤ ሜታም በዚያው በ2022 ለ200 ቋንቋዎች የሚያገለግል የትርጉም ሞዴል ይፋ አድርጓል። ዊቨር ያለመው ምድር ቤት በቁጥር ተሠራ ማለት ይቻላል። ሰው ግን አይኖርበትም።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ሐንስ ጌኦርግ ጋዳመር እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው «እውነትና ዘዴ» በተሰኘ መጽሐፉ ስለ ፍልስፍናዊ ትርጓሜ፣ ይኸውም ሰው ጽሑፍንም ሆነ ሌላውን ሰው እንዴት እንደሚረዳ ስለሚመረምረው ዘርፍ ሲያትት፣ በአስተርጓሚ የሚደረግ ንግግርን ነጥሎ ይመለከተዋል። በእርሱ ግንዛቤ ሁለት ሰዎች በአስተርጓሚ ሲነጋገሩ መግባባቱ በትክክል የሚፈጸመው በባለጉዳዮቹ መካከል አይደለም፤ ሁለቱንም ዓለም በሚያውቁት፣ አንዱ የተናገረውን ሌላው ሊሰማው በሚችል መንገድ ለማድረስ በሚጨነቁት በአስተርጓሚዎቹ መካከል ነው። ይህ ሐሳብ ከተጻፈበት ጊዜ ይልቅ ዛሬ ይበልጥ ያሳስባል፤ አስተርጓሚው ማሽን ከሆነ፣ ማሽኑም ማንንም የማያገኝና በማንም የማይገኝ ከሆነ፣ መግባባቱ የት ተፈጸመ ያሰኛልና። አሜሪካዊው ጆን ሰርል እ.ኤ.አ. በ1980 ቻይንኛ የማያውቅ ሰው በአንድ ክፍል ተቀምጦ መመሪያ እየተከተለ በቻይንኛ ፊደል ትክክለኛ መልስ ሲያወጣ በምናቡ አቅርቦ፣ ምልክት በደንብ ማቀነባበር መረዳት እንዳልሆነ ተከራክሯል፤ ክርክሩም እስካሁን አላባራም። እዚህ ላይ ግን ማሽኑ ይረዳል ወይስ አይረዳም ከሚለው የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ለተተረጎመው ቃል የሚጠየቅለት ማን ነው?

በኢትዮጵያ የቆየ የሙግትና የውል ሥርዓት ባለጉዳይ ዋስ ይጠራል። ዋስ ማለት የሌላውን ሰው ቃል በራሱ ስምና ንብረት የሚያስይዝ፣ ባለቃሉ ቢያብል ወይም ቢሰወር በእርሱ ፈንታ የሚጠየቅ ሰው ነው። የሰው አስተርጓሚም በዚህ መልክ የቃል ዋስ ነው፤ ለተናጋሪው «ያልኸውን አድርሻለሁ» እያለ፣ ለሰሚውም «የሰማኸው እርሱ ያለውን ነው» እያለ በሁለቱም ፊት ራሱን ያስይዛል፤ ቢሳሳት ያፍራል፣ ቢዋሽ ይወገዛል፣ ያልገባው ነገር ቢኖር መልሶ ይጠይቃል። ዘይድ ኢብኑ ሳቢት የተባለው ወጣት ሰሐባ (የነቢዩ ባልደረባ) ታሪክ ይህንኑ ያሳያል፤ ነቢዩ ሙሐመድ ከአይሁድ ጋር የሚጻጻፉትን ደብዳቤ በሚያምኑት ሰው እጅ ለማድረግ ፈልገው የአይሁድን ጽሕፈት እንዲማር እንዳዘዙትና እርሱም ግማሽ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እንደተማረው በሐዲስ ተዘግቧል። የተፈለገው ቋንቋ ማወቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚያነብ ሰው አይጠፋም ነበር፤ የተፈለገው ታማኝ ነበር።

ማሽኑ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያስይዝም። ተግባሩን በቅርብ ላየው ሰው ደግሞ ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው ከባድ የፍልስፍና ጽሑፍ ሲተረጎም አይደለም፤ ተራ ሰላምታ ሲተረጎም ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዋ የልጅ ልጅ አያቷ እንዴት እንደሆኑና መድኃኒታቸውን ወስደው እንደሆነ ብትጽፍ፣ እንግሊዝኛው ሴትና ወንድን፣ ታላቅና ታናሽን በአንድ ቃል ስለሚጠራ፣ አማርኛው ግን ሳይለይ መናገር ስለማይችል፣ መሣሪያው የግድ መምረጥ ይኖርበታል፤ ሲመርጥም ብዙ ጊዜ በተማረባቸው ጽሑፎች ወደሚበዛው ወደ ወንዴው ያጋድላል። ስለዚህ አሮጊቷ በልጅ ልጃቸው ስም «እንዴት ነህ? መድኃኒትህን ወሰድህ?» የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። ስሕተቱን በቴክኒክ ማረም አይከብድም፤ አንዳንዱ መሣሪያ ወዲያው ሁለት አማራጭ ያቀርባል። የማይታረመው ከዚያ በታች ያለው ነው። በአንዱ ቤት አያትን «አንቺ» ማለት የፍቅር ወግ ነው፣ በሌላው ቤት «እርስዎ» ካልተባለ ነውር ነው፣ በሦስተኛው ልጅ «አንቺ» እያለ ያድግና ትዳር ሲይዝ ወደ «እርስዎ» ይሻገራል። ይህን ለመወሰን ቤቱን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቤቱ ደግሞ በየትኛውም ጽሑፍ ውስጥ አልተጻፈም።

እንግዲህ አያቲቱ ይህን መልእክት አይተው ምን ያደርጋሉ የሚለው ከጉድለቱ የበለጠ ሊመረመር ይገባዋል። አይቆጡም። ልጅቱ እንዲህ እንደማትላቸው ስለሚያውቁ፣ ምናልባትም ለጎረቤት እያሳዩ «ስልኩ ነው እንጂ እሷስ እንዲህ አትለኝም» ብለው፣ ከተበላሸው ዓረፍተ ነገር ጀርባ ያለውን አሳብ ወስደው ይመርቃሉ። በዚያች ቅጽበት ማሽኑ ያልያዘውን ዋስትና ራሳቸው ያዙት፤ የልጅቱን ቃል ከማሽኑ ቃል ለይተው ለልጅቱ ቆሙላት። ጋዳመር በአስተርጓሚዎች መካከል ያኖረው መግባባት ቦታውን ለቆ ወደ ሰሚው ልብ ገባ ማለት ነው። ይህ ግን የሚሆነው ቀድሞ ዝምድና ስላለ ነው። ዝምድና በሌለበት፣ ሁለት የማይተዋወቁ ወጣቶች ከሁለት አህጉር ሲጻጻፉ፣ የተዛባው ቃል የተናጋሪው ቃል ሆኖ ይቆጠራል፤ ባለጌ የመሰለው ባለጌ ሆኖ፣ ቀዝቃዛ የመሰለውም ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል።

ተቃራኒውም አደጋ አለ፤ እንዲያውም መሣሪያው እየተሻሻለ በሄደ ቁጥር የሚከፋው ይኸኛው ነው። አዳዲሶቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች፣ ማለትም ከብዙ ጽሑፍ ተምረው ራሳቸው ጽሑፍ የሚያመነጩት፣ ከመተርጎም አልፈው ያሳምራሉ፤ የተኮላተፈውን ያቃናሉ፣ ሸካራውን ያለሰልሳሉ፣ ቁጣውን ያበርዳሉ። ፈረንሳዊው ኢማኑኤል ሌቪናስ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ሥራው «ማለት»ን ከ«ተባለው» ይለያል፤ «የተባለው» የንግግሩ ይዘት ሲሆን «ማለት» ግን ሰው ራሱን ለሌላው ገልጦ፣ ሊነካና ሊጎዳ በሚችልበት ሁኔታ ቀርቦ የሚናገርበት ድርጊት ነው። ማሽኑ የተባለውን ብቻ ይዞ ይሻገራል። አንድ ወጣት በባዕድ ቋንቋ ሲኮላተፍ የሚታየው ትጋቱ፣ እፍረቱና ለሌላው ያለው ክብር ከተሳሳተው ሰዋስው ጋር አብሮ ይታረማል፤ የሚደርሰው የማንም ያልሆነ ጨዋነት ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈው የዮሴፍ ታሪክ በዚህ ጉዳይ የሚገባውን ያህል ትኩረት አላገኘም። ወንድሞቹ በረሃብ ዘመን እህል ሊሸምቱ ግብፅ በወረዱ ጊዜ ዮሴፍ ቋንቋቸውን እያወቀ በአስተርጓሚ ያነጋግራቸዋል። እነርሱም አይሰማንም ብለው በፊቱ ስለ ጥንቱ በደላቸው ሲወቃቀሱ ሁሉን ይሰማል፤ ዘወር ብሎም ያለቅሳል። አስተርጓሚው በዚያ የቆመው ለመጋረጃነት ነበር። መጋረጃው ክፉ ነበር ማለት ግን አይቻልም፤ ዮሴፍ የራሱን ልብና የወንድሞቹን ልብ የሚመረምርበት ጊዜ ያገኘው በእርሱ ነው፤ ዛሬም ዓይን አፋር የሆነ ወይም ቁስል ያለበት ወጣት በቋንቋው ሊያወጣው ያልቻለውን ነገር በማሽን ተከልሎ መናገር ቢቀልለው ሊነቀፍ አይገባም። ዮሴፍ ግን በመጋረጃው ጀርባ አልቀረም። ሊገለጥላቸው በወደደ ጊዜ ሰውን ሁሉ ከፊቱ አስወጣ፤ ያን ጊዜም የሚናገራቸው የገዛ አፉ መሆኑን ዓይናቸው እንደሚያይ ነገራቸው። እርቁ የተፈጸመው አስተርጓሚው ከወጣ በኋላ ነው።

ስለ ባቢሎን ግንብና ስለ በዓለ ሃምሳ የሚነገረውም ከዚህ ጋር መታየት ይኖርበታል። የትርጉም መሣሪያን የሚያወድሱ ሰዎች በሰናዖር ሜዳ የተበተነው ቋንቋ እንደገና ተሰበሰበ፣ የጰራቅሊጦስ ተአምር በስልክ ተደገመ ለማለት ይቸኩላሉ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ ሁለትን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። በዚያ ቀን ከየአገሩ የተሰበሰበው ሕዝብ በየራሱ ቋንቋ ሰማ፤ ትርጉሙ ፍጹም ነበር፤ ሆኖም የመጀመሪያው ውጤት ግራ መጋባት ሆነ፣ አንዳንዶችም ሰከሩ ብለው አፌዙ። ነገሩ የተገለጠው ጴጥሮስ ከዐሥራ አንዱ ጋር ቆሞ የሆነውን ባብራራ፣ ሰሚዎቹም ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት፣ እርሱም በመለሰላቸው ጊዜ ነው። በተአምር የተተረጎመ ቃል እንኳ የሚጠየቅለት ሰው አስፈልጎታል ማለት ነው። ቁርኣንም በሱረቱ አር-ሩም የቋንቋዎችን መለያየት ከአላህ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በሱረቱል ሑጁራት ደግሞ ሰዎች ሕዝቦችና ነገዶች የተደረጉት እንዲተዋወቁ መሆኑን ያስተምራል። በሁለቱም እምነት ልዩነቱ እንዲሻር አይፈለግም፤ የሚፈለገው በልዩነቱ ላይ የሚደረገው ድካም ነው።

የዚህ ድካም ምንነት በታሪክ ከሚታይባቸው ሁነቶች መካከል የአባ ጎርጎርዮስና የኢዮብ ሉዶልፍ ወዳጅነት የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ሉዶልፍ በጀርመን ኤርፉርት የተወለደ የቋንቋ ተማሪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1649 በ25 ዓመቱ ሮም ገብቶ በቫቲካን በሚገኘው የኢትዮጵያውያን የቅዱስ እስጢፋኖስ ማረፊያ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ በአምሐራ ምድር የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። ወጣቱ ግእዝን የተማረው በአውሮፓ ከታተሙ ጥቂት መጻሕፍት ስለነበር ያነባል እንጂ አፉን አልፈታም፤ መነኩሴውም ግእዝን የሚያውቁት እንደ መጽሐፍና እንደ ጸሎት ቋንቋ እንጂ እንደ ቤት ቋንቋ አልነበረም። መጀመሪያ በአስተርጓሚ፣ ቀስ በቀስም በዚሁ በግእዝ መነጋገር ጀመሩ። ከሁለቱ ለአንዱም የእናት ቋንቋ ባለመሆኑ በንግግሩ ውስጥ ባለቤት የሚባል አልነበረም፤ ሁለቱም እንግዶች ነበሩ፤ ሁለቱም ቃል ይቸግራቸው፣ ሁለቱም መልሰው ይጠይቁ ነበር። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በጎታው መስፍን በዱክ ኤርንስት ጋባዥነት ወደ ጎታ ከተማ ሄደው ስለ አገራቸው ሃይማኖት፣ ሥርዓትና ኑሮ የቀረበላቸውን ብዙ ጥያቄ መለሱ፤ ለሉዶልፍም አማርኛ አስተማሩት። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1698 አሳተመ፤ በሥራዎቹም መምህሩ ማን እንደነበሩ በስማቸው ጠራ፣ በ1691 በወጣው ማብራሪያው ምስላቸውን ጭምር አኖረ። መነኩሴው ከሞቱ 40 ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ ለቃላቸው የሚጠየቅ ሰው ነበራቸው።

በዚህ ምሳሌ ላይ ሊነሣ የሚገባው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ሉዶልፍና አባ ጎርጎርዮስ የተነጋገሩት የመስፍን ገንዘብና ግቢ ስለነበራቸው ነው፤ በዚያው ዘመን የነበረው የጎታ ገበሬና የአምሐራ ገበሬ ፈጽሞ ሊነጋገሩ አይችሉም ነበር። ዛሬ ለእያንዳንዱ ቤት ሠራተኛ አስተርጓሚ ማቆም፣ ለእያንዳንዱ ስደተኛ ልጅ መምህር መመደብ አይቻልም፤ ስለዚህ ጎዶሎ ነው ተብሎ መሣሪያው ይቅር ማለት ድምፅ የሌለውን ድምፅ አልባ አድርጎ ማስቀረት ይሆናል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ትክክል በመሆኑም ዋስትናው የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ይበልጥ ያከብደዋል። በባዕድ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ወጣት ሕመሟን ወይም ያልተከፈላትን ደመወዝ በስልክ ትርጉም ስታስረዳ፣ ስልኩን የያዘችው አሠሪዋ ከሆነች፣ የሚጠየቀውንም የሚዘለለውንም የምትመርጠው አሠሪዋ ናት፤ ዓረፍተ ነገሩ ተጣሞ ቢወጣ የምትከሰሰው ግን ልጅቱ ናት። መሣሪያው ለሁለቱም እኩል አይደለም፤ መልሳ ልትጠይቅ የምትችለውና የማትችለው ሴት አንድ ዓይነት ትርጉም አላገኙም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ ቤት ሊቃውንት የግእዙን ንባብ በአማርኛ ሲፈቱ አንድ ፍቺ ሰጥተው አይቆሙም፤ «አንድም» እያሉ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ያስከትላሉ፤ አንድምታ የሚባለው ስልት ይህ ነው። ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ በቃል የሚቀበለው ፍቺው ላይ የደረሱበትን መንገድ ጭምር ነው፤ የትኛው ለየትኛው ቦታ እንደሚስማማ፣ ማን እንዲህ እንዳለ፣ ማን እንደተለየ ያውቃል። የትርጉም መሣሪያው ውስጡ ብዙ አማራጭ መዝኖ ለተጠቃሚው የሚያሳየው ግን ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ ነው፤ ያንንም ያለ ጥርጣሬ ምልክት። ለሌላው ባህል ሰው በእውነት የሚያስብ ወጣት የመጣለትን ዓረፍተ ነገር የመጨረሻ አድርጎ ከመውሰድ ይልቅ ሁለተኛ ፍቺ እንዳለው ሊጠረጥር፣ መልሶ ወደ ራሱ ቋንቋ አስተርጉሞ ሊመረምር፣ ከሁሉም በላይ ያን ሰው «እንዲህ ማለትህ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህ ጥያቄ ጊዜ ይወስዳል፣ መሣሪያው የሰጠውንም ፍጥነት ይመልሰዋል። በሐዋርያት ሥራ እንደተጻፈው፣ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ የነበረው ኢትዮጵያዊ የህንደኬ ባለሟል የሚያነብበት ቋንቋ አልጎደለውም ነበር፤ የጎደለው ወጥቶ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነበር፤ ፊልጶስም ከሩቅ አብራርቶለት አልሄደም፤ ተለምኖ ሠረገላው ላይ ወጣ።

ማሽኑ ሰው የሌለበት ነው የተባለውም በአንድ በኩል ሊታረም ይገባዋል። የሚያውቀውን ሁሉ ያገኘው ሰዎች ከተረጎሙት ነው፤ ብዙ ጽሑፍ በሌላቸው ቋንቋዎች ደግሞ ለመማሪያነት በብዛት ከዋሉት መካከል የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞች ይገኙበታል። አቡ ሩሚ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ካይሮ ውስጥ ከፈረንሳዩ ቆንስል ከአስሊን ደ ሸርቪል ጋር በሳምንት ሁለት ሁለት ቀን እየተቀመጡ፣ የከበደውን ቃል እየተጠያየቁ፣ በ10 ዓመት መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሱት፤ ሥራቸው እርማት እየተደረገበት እ.ኤ.አ. በ1840 በሙሉ ታትሞ ሲወጣ እርሳቸው በሕይወት አልነበሩም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ለእያንዳንዱ ቃል ተጨንቀው ያስያዙት ዋስትና በማሽኑ ውስጥ ስም አልባ ሆኖ ተቀላቅሏል። ማሽኑ ቃላቸውን ወርሷል፤ ጭንቀታቸውን ግን አልወረሰም።

እ.ኤ.አ. በ2024 ጉግል 110 ቋንቋዎችን በአንድ ጊዜ ሲጨምር ከሁሉም ይልቅ የበጎ ፈቃደኞች አስተዋጽኦ የበዛለት አፋርኛ ነበር። በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በኤርትራ የሚነገር፣ በጽሑፍ ብዙ ያልተከማቸ ቋንቋ ነው። በጎ ፈቃደኛው ይሠራው የነበረው ሥራ ቀላል ይመስላል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይቀርብለት ነበር፣ ይተረጉመው ወይም ሌላው የተረጎመውን አንብቦ ልክ ነው አይደለም ይል ነበር። ክፍያ አልነበረውም፤ ያቀናው ዓረፍተ ነገር አሳይታ ወይም ታጁራ ላለ ሰው ሲደርስ ስሙ አብሮት አይሄድም። ነገር ግን ማሽኑ ያቀረበለትን አይቶ «በእኛ ዘንድ እንዲህ አይባልም» ያለና በምትኩ የሚባለውን የጻፈ፣ ለምን እንዲህ አልህ ተብሎ ቢጠየቅም መልስ ያለው ሰው በዚያ ዓረፍተ ነገር ጀርባ አለ።